ልጃችሁ በነጻ የሚሠራው ሥራ፦ በክፍት ኮድ ፕሮግራም ውስጥ ምን ይቀድማል?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

የዛሬው ንግግራችን የተነሣው እዚሁ ፔታህ ቲክቫ፣ ክፋር አቭራሃም ሰፈር ውስጥ ከቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ነው። አንዲት እናት ከገበያ ስመለስ መንገድ ላይ አስቁመውኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ወንድሜ፣ የኮምፒዩተር ሰው ነህ ይሉኛልና እስቲ ንገረኝ። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ በቅጡ ሳይበላ ኮምፒዩተሩ ላይ ይቀመጣል፣ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። ምን እየሠራህ ነው ስለው ‹ኮድ ፓቱአሕ› ይለኛል። ማን ይከፍልሃል ስለው ‹ማንም› ይላል። አለቃህ ማነው ስለው ‹የለኝም› ይላል። አለቃም ደመወዝም የሌለው ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ልጄን እያሞኙት ነው ወይስ እሱ እኔን እያሞኘኝ ነው?»

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በተለይ በቅርብ ጊዜ የገባችሁ ቤተሰቦች፣ ገና የመርካዝ ክሊታውን ኑሮ ሳትጨርሱ ልጆቻችሁ ዕብራይስጡንም ኮምፒዩተሩንም ቀድመዋችሁ ሄደዋል። መንገድ ላይ የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበርና ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ማንኛውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሰው የጻፈው የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ያን ጽሑፍ ኮድ ይሉታል። ብዙ ኩባንያዎች ኮዳቸውን ቆልፈው ያስቀምጡታል፤ የምንገዛው ውጤቱን ብቻ ነው። ክፍት ኮድ ወይም በዕብራይስጥ ኮድ ፓቱአሕ የሚባለው ግን ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊያርመው፣ ለሌላ ሰው ሊሰጠው በሕጋዊ ፈቃድ የተለቀቀ ጽሑፍ ነው። ሕግ የለበትም ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የፈቃድ ውል አለው። ከሁሉ የታወቀው ሊኑክስ ነው። በ1991 (ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ በሄልሲንኪ ከተማ ጀመረው። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ነው። ስለዚህ ለልጃችሁ «ይህ ነገር የት ይውላል?» ብላችሁ ስትጠይቁት፣ መልሱ እጃችሁ ላይ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አለቃ ከሌለ፣ የቱ ሥራ እንደሚቀድም ማን ይወስናል?

በጎንደር ገጠር ያደግን ሰዎች ደቦንና ወንፈልን እናውቃለን። በደቦ ባለ ማሳው ሰው ይጠራል፣ ምግቡንና ጠላውን ያዘጋጃል፣ የመጣው ሁሉ ያጭዳል። ወንፈል ደግሞ በተራ ነው፤ ዛሬ እኔ ለአንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ክፍት ኮድ ተያይተው በማያውቁ፣ በተለያየ አገር ባሉ ሰዎች መካከል የሚደረግ ወንፈል ነው ብትሉ ብዙ አልተሳሳታችሁም። ነገር ግን አንድ ችግር አለው። በመንደር ሃያ ሰው ቢመጣ ማሳው አንድ ነው። በክፍት ኮድ ግን አሥር ሰው ይመጣል፣ ማሳው ሺህ ነው። በታወቀ ፕሮግራም ላይ የሚቀርበው የስሕተት ክስና የማሻሻያ ጥያቄ በሺህ የሚቆጠር ነው፤ ሁሉም ሰው «የእኔ ይቅደም» ይላል።

ታዲያ ከሺሁ ማሳ የቱ ይቀድማል? ገበሬ እንደሚያደርገው ነው፦ የደረሰው ጤፍ ላይ ደመና ከመጣ፣ አጥሩ ነገ ይታጠራል።

ይህን አሠራር በግልጽ ካስቀመጡት መካከል አንዱ ደቢያን የተባለው ፕሮጀክት ነው። የተመሠረተው በ1993 ሲሆን ሊኑክስን ከሺህ ከሚቆጠሩ ሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሰናድቶ የሚያቀርብ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ ድርጅት ነው። ወደ ደቢያን የሚመጣ እያንዳንዱ ስሕተት ከሰባት ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል። የላይኞቹ ሦስቱ ከባዶቹ ናቸው፦ የሰው ጽሑፍ የሚያጠፋ፣ ለሌባ በር የሚከፍት፣ ፕሮግራሙን ከናካቴው ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ፣ ወይም የድርጅቱን ደንብ በከባዱ የሚጥስ። እነዚህ ያሉበት ፕሮግራም በአዲሱ እትም ውስጥ አይገባም፤ ወይ ይታረማል ወይ ይወጣል። ከዚያ በታች አስፈላጊ፣ መደበኛ፣ ትንሽ የሚባሉት አሉ። የመጨረሻው ደረጃ ስሙ «ምኞት» ነው። «ይህ ቁልፍ ሰማያዊ ቢሆን ደስ ይለኛል» የሚለው ሁሉ እዚያ ይገባል። ምኞት ማለት ውድቅ ተደርጓል ማለት አይደለም፤ ወረፋው ሩቅ ነው ማለት ነው። ልጃችሁን «የምትሠራው ሥራ በየትኛው ደረጃ ላይ ያለ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ኮምፒዩተር ሳታውቁ የሥራውን ልብ ጠየቃችሁት ማለት ነው። መልስ ከሌለው ራሱም አላሰበበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። ደቢያን «ሲደርስ ይወጣል» ይላል። በዚህም ምክንያት አንዱ እትም በጁላይ 2002 ወጥቶ ቀጣዩ የወጣው በጁን 2005 ነበር፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። ከደቢያን የተወለደው ኡቡንቱ ደግሞ ከኦክቶበር 2004 ጀምሮ በየስድስት ወሩ፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር እንዲወጣ ተደረገ። በ2006 አንዴ ወደ ጁን መሸጋገሩን አስታውሳለሁ እንጂ ደንቡ ይኸው ነው። እንደ ኤገድ አውቶቡስ ነው፤ ያልደረሰ መንገደኛ ቀጣዩን ይጠብቃል። (አውቶቡሱ ራሱ ይዘገያል የምትሉኝ ካላችሁ፣ እሱን ሌላ ቀን እናወራለን።) የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ለጀማሪ ልጅ በበኩሌ በቀን የሚሠራውን እመርጣለሁ። ሥራው ለዚህኛው ባይደርስ ለሚቀጥለው እንደሚደርስ ቀኑን ቆጥሮ ያውቃልና።

የሊኑክስ ዋናው ክፍልም በዚህ መንገድ ይጓዛል። ለሁለት ሳምንት ያህል በሩ ለአዲስ ሥራ ክፍት ይሆናል። ከዚያ ይዘጋና ሰባት ስምንት ሳምንት የገባውን ማረም ብቻ ይሆናል። በጠቅላላው በዘጠኝ ወይም በአሥር ሳምንት አንድ እትም ይወጣል።

ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። አንድ ልጅ ወር ሙሉ የደከመበትን አዲስ ሥራ በሩ በተዘጋ ማግሥት ይዞ ቢመጣ የሚያገኘው መልስ «አሁን አይሆንም» የሚል አጭር ቃል ነው። እኛ ደግሞ በዚህ አገር «አይሆንም» የሚለውን ቃል በሌላ ምክንያት ሰምተን እናውቃለን፤ በመልካችን፣ በስማችን፣ በአነጋገራችን። ስለዚህ ልጁ በቀላሉ «ስሜን አይተው ነው» ሊል ይችላል። አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሰው የትም ሰው ነው። ነገር ግን ከመቆጣቱ በፊት የሥራ ሰሌዳውን ይመልከት። ሰሌዳው ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሌሎችም ሥራ በዚያው ሳምንት ተመልሶ ከሆነ ምክንያቱ ቀኑ ነው። ከሁሉም የሌሎቹ ገብቶ የእሱ ብቻ ተመልሶ ከሆነ፣ ያኔ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ። ጥያቄውም መልሱም ሁሉ በሚያየው ቦታ ይቀመጣል። ይህ በብዙ የሥራ ቦታ የማናገኘው ዕድል ነው።

ሦስተኛው የሰው ጉልበት ነው፤ ትልቁም ችግር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በጎ ፈቃደኛን ማዘዝ አይቻልም። የፕሮጀክቱ መሪዎች «ይህ ይቅደም» ብለው ይጽፋሉ፤ የሚሠራው ግን የሚሠራው ሰው የወደደውን ነው። ሁሉም አዲስ ነገር መዝራት ይወዳል፣ አረሙን የሚያርም ግን ይጠፋል። በኤፕሪል 2014 የሆነውን ላስታውሳችሁ። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የሚባል ክፍት ኮድ አለ። ሰው በኢንተርኔት የሚልከውን የምስጢር ቃል ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚሸፍን ነው፤ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ድርጅቶች ይጠቀሙበታል። በውስጡ ሃርትብሊድ ተብሎ የተጠራ ስሕተት ተገኘ። በእሱ በኩል ሌባ ከሩቅ ሆኖ ምስጢሩን ሊቀዳ ይችል ነበር። ስሕተቱ ከ2012 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል እዚያው ተቀምጦ ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ዓለም ሁሉ የተደገፈበትን ያን ሥራ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚጠብቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በዓመት የሚሰበሰበውም ልገሳ ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ። ከዚያ በኋላ ነው ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገንዘብ ያዋጡት። ሁሉም ሰው «ሌላው ያየዋል» ብሎ ነበር። በመንደራችን ምንጭ ሲደፈርስ እንደምንለው መሆኑ ነው።

ከዚህ ለጀማሪ የሚሆን ትምህርት አለ። ልጃችሁ ተቀባይነት እንዲያገኝ ከፈለገ ታላቅ አዲስ ነገር ይዞ አይምጣ። ብዙ ፕሮጀክቶች «ይህ ለጀማሪ ይሆናል» ብለው ምልክት ያደረጉባቸው ትንንሽ ሥራዎች አሏቸው። ከእነዚያ አንዱን ይውሰድ፣ ይጨርስ። ትንሽ መሆን ያዋርዳል ብሎ እንዳያስብ በዚሁ አገር የተሠራ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በ2006 ቁምራኔት የተባለ ኩባንያ ሰዎች፣ አቪ ኪቪቲ የተባለው መሐንዲስ እየመራቸው፣ ኬ ቪ ኤም የሚባል ሥራ አቀረቡ። አንዱን ኮምፒዩተር እንደ ብዙ ኮምፒዩተር ከፋፍሎ የሚያሠራ ነው። ለዚሁ ተግባር ዜን የሚባል ቀደም ያለና ትልቅ ፕሮግራም ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ሊኑክስ ለመግባት ግን እስከ 2011 ፈጅቶበታል። ኬ ቪ ኤም በጥቂት ወር ውስጥ፣ በፌብሩዋሪ 2007 ገባ። ትንሽ ነበር፣ ሊኑክስ ውስጥ አስቀድሞ ያለውንም ሁሉ እንደገና ሳይሠራ ተጠቀመበት። ለሚመረምሩት ሰዎች ሸክም አልሆነባቸውም። በ2008 ሬድ ሃት የተባለው ድርጅት ኩባንያውን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሬድ ሃትን ራሱን ደግሞ በ2019 አይ ቢ ኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ ሬድ ሃት ሥራው ሁሉ በክፍት ኮድ ላይ የቆመ ነው።

ይህን ገንዘብ ሰምታችሁ ልጃችሁን «ቶሎ በል» እንዳትሉት አደራ። በነጻ ከሚሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ከዚህ ሥራ ሳንቲም አያገኙም። የሚያገኙት ሌላ ነገር ነው። የሠሩት ሥራ ከነስማቸው፣ ከነቀኑ ይመዘገባል፣ ማንም ሊያየው ይችላል። በዚህ ከተማ በቂርያት አርዬ የመስታወት ሕንጻዎች ቆመዋል፤ ከእናቶቻችን መካከል ማታ ማታ ቢሮዎቻቸውን የሚያጸዱ አሉ። እዚያ ቀን ለመሥራት የሚያመለክት የእኛ ልጅ የሚያውቅለት አጎት የለውም፤ ፕሮቴክጽያ የለውም። ነገር ግን «ይኸው ሥራዬ፣ እነእገሌ መርምረው ተቀብለውታል» ብሎ ማሳየት ይችላል። ይህ ሥራን በእርግጥ ያስገኛል አልልም፤ በሩን ለማንኳኳት ግን ይረዳል።

አሁን ደግሞ ስለ ፊደላችን። በተጠቃሚ ብዛትና በገንዘብ ብቻ ቢወሰን ኖሮ የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር ወረፋ ላይ ከሁሉ መጨረሻ በሆነ ነበር። እንዴት ገባ? በ1990ዎቹ ዓመታት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያቆብ የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል ለመጻፍ የሚያስችል ሴራ የተባለ ሥርዓት አበጁ። (ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ከእንግሊዝኛ ስሙ የተውጣጣ ነው እንጂ ተንኮል የለበትም።) በጃፓን የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረ ናኦቶ ታካሃሺ የተባለ ሰው ደግሞ ኢማክስ ለተባለው የክፍት ኮድ የጽሕፈት ፕሮግራም የግዕዝ መጻፊያ ሠራ። በ1997 በወጣው የኢማክስ እትም ውስጥ ፊደላችን ነበረ። ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው ከዚያ በኋላ በ1999 ነው፤ ለሰባት ቤት ጉራጌና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ደግሞ በ2005 ተጨመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። የሚያስፈልገው ሰው ወይም የወደደው ሰው ተነሥቶ ሠራው።

የዕብራይስጥም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ናዳቭ ሃርኤልና ዳን ኬኒግስበርግ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ኤች ስፔል የተባለውን የዕብራይስጥ የአጻጻፍ ማረሚያ በትርፍ ጊዜያቸው ሠሩ፤ ዛሬ በፋየርፎክስና በሊብሬ ኦፊስ ዕብራይስጥ ሲጻፍ የሚያርመው ከእነሱ ሥራ የተገኘ ነው።

ስለዚህ አማርኛችሁ በአንድ ፕሮግራም ላይ ተበላሽቶ ብታዩ ዝም አትበሉ። ነገር ግን «አማርኛ አይሠራም» ብሎ መክሰስ ሥራውን ወደ ታችኛው ደረጃ ያወርደዋል፤ የሚያነበው ሰው ከየት እንደሚጀምር አያውቅምና። ልጃችሁ እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ የትኛው ፕሮግራም፣ የስንተኛው እትም፣ በየትኛው ኮምፒዩተር፤ ምን አደረግሁ፣ ምን እጠብቅ ነበር፣ ምን ሆነ። ለምሳሌ «ጸሐይ ብዬ ስጽፍ ‹ጸ› በሚለው ፊደል ምትክ ባዶ ሳጥን ይታያል፤ ፎቶግራፉ ይኸው» ቢል፣ ማንበብ የማይችል ፊንላንዳዊም ሊያርመው ይችላል። በአንድ ጽሑፍ አንድ ስሕተት ብቻ ይሁን። ከመጻፉም በፊት ሌላ ሰው ጽፎት እንደሆነ ይፈልግ፤ ተጽፎ ካገኘ አዲስ ክስ ከመክፈት የራሱን ማስረጃ እዚያው ላይ ይጨምርበት። የተጎጂው ቁጥር ሲታወቅ ወረፋው ይቀድማል።

የቤት ውስጥ ወረፋም አለ። በፕሮጀክቱ አለቃ ባይኖር በቤት ውስጥ አለቃ አለ፤ እናትና አባት። የባግሩት ፈተና ቀኑ አይራዘምም። በሒሳብ አምስት ይሒዶት የሚማር ልጅ የፈተናውን ቀን መጀመሪያ በቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ በሚቀረው ሰዓት ለክፍት ኮዱ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ራሱ ይናገር። አንድ ሥራ ይያዝ፣ ሦስት አይያዝ። የያዘውን መጨረስ ካልቻለ ደግሞ «አልቻልኩም፣ ሌላ ሰው ይውሰደው» ብሎ ቶሎ ይጻፍ። በዚህ ሥራ ከባዱ ነውር አለመቻል አይደለም፤ ሥራ ይዞ መጥፋት ነው። ሌላው ሰው «እሱ ይዞታል» ብሎ ይተወዋልና፣ ማሳው ጦም ያድራል።

ወደ ጠየቁኝ እናት ልመለስ። ልጁን አግኝቼው ነበር። የያዘው ሥራ የሊብሬ ኦፊስን ቃላት ወደ አማርኛ መመለስ ኖሯል። ይህ ፕሮግራም ደብዳቤና የሒሳብ ሰንጠረዥ የሚሠራበት ሲሆን በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደሳል፤ ከቋንቋዎቹም አንዱ አማርኛ ነው። ልጁ የጀመረው ማንም ከማይከፍተው የእርዳታ ገጽ ነበር፤ ከፊደል ተራው የመጀመሪያው እሱ ስለሆነ ብቻ። ሰው በየደቂቃው የሚያየው የላይኛው ዝርዝር እንዲቀድም ተስማማን። ሌላም ችግር ነበረበት። አማርኛው የሕፃን አማርኛ ነው፤ በአራት ዓመቱ ነው የመጣው። ኮምፒዩተሩን ያውቃል፣ ቃሉን አያውቅም። ቃሉን የሚያውቁት እናቱ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እናቱ ደወሉልኝ። ጽሑፍን ኮምፒዩተር ውስጥ ለማቆየት የሚጫነውን ቁልፍ ልጁ «አስቀምጥ» ይበል ብሏቸዋል። እሳቸው «አስቀምጥማ ለዕቃ ነው፣ ‹አኑር› ይሻላል» ብለዋል። አባትየው ከጓዳ ሆነው «‹መዝግብ› በሉት» ብለዋል። እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት አልተስማሙም፤ እኔ እንድፈርድ ነው የደወሉት። ቀደም ብለው ከሠሩት ተርጓሚዎች የቱን እንደመረጡ መጀመሪያ ይታይ፣ ባንድ ፕሮግራም ሁለት ስም እንዳይኖር አልኳቸው። ልጁ ሊያይ ሄዷል።

ቸር ሰንብቱ።